ቀዝቃዛውን ውሃ ፍለጋ፦ የሳልመን ማስታወሻ ከሚሺጋን ሐይቅ

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ ማታ

ከሚልዋኪ ወደ ቺካጎ ስንመለስ ጋሼ ወንበሩን ለጠጥ አድርገው እንቅልፍ ወሰዳቸው። እኔ እየነዳሁ አንድ ጥያቄ ሲመላለስብኝ አመሸሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ በ50 ጫማ ጥልቀት፣ በ20 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ሳልመን ያዝን። ከዚያ እስከ ቀትር ድረስ ምንም። ጀልባው ያው፣ ማባበያው ያው፣ ጥልቀቱም ያው። ታዲያ ምን ተቀየረ?

ለዚህ ነው ማስታወሻ መያዝ የጀመርኩት።

ጋሼ የባሕር ዳር ሰው ናቸው። ያደጉት ጣና ዳር፣ ከደንገል በተሠራ ታንኳ ላይ ቀረሶና አምባዛ ሲያጠምዱ ነው። እዚህ አገር ከመጡ በኋላ ብዙ ዓመት ታክሲ ነዱ። ጡረታ ሲወጡ ያገለገለች ባለ 21 ጫማ ጀልባ ገዙ። ልጆቻቸው «ምን ያደርግልዎታል?» ቢሏቸው «ውሃ ላይ ልቀመጥበት» ብለው መለሱ። እኔ ደግሞ ሥራዬ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ጥገና ነው። ስለ ጀልባ የማውቀው ሞተሩን ብቻ ነበር። ጀልባዋን የምጎትተው፣ ሞተሯን የማየው እኔ ነኝ። ውሃውን የሚያነቡት እሳቸው ናቸው።

ዛሬ ግን ውሃውን ማንበብ አልቻሉም። «ጣና ላይ ቢሆን ወፉን አያለሁ፣ የውሃውን መልክ አያለሁ» አሉኝ። «ይሄ ግን ጉዱ ሁሉ ከሥር ነው።»

ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ

ከሥራ ወጥቼ የማጥመጃ ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱቅ ጎራ አልኩ። ባለሱቁ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። የቅዳሜውን ነገርኳቸው። ሁሉንም ሰምተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ «ስንት ዲግሪ ነበር?»

ዝም አልኩ። ደንበኛ ደውሎ «ቤቱ አልቀዘቀዘም» ሲለኝ እኔም መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ስንት ዲግሪ ነው? ሐይቁን ግን አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም።

የሰማሁትን ሳልረሳው ልጻፈው። ሚሺጋን ሐይቅ ከሰሜን ደቡብ 494 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። በጣም ጥልቅ የሆነው ቦታ 281 ሜትር ይወርዳል። በበጋ (የእኛ ክረምት ማለት ነው) የላዩ ውሃ ፀሐይ ስለሚመታው ይሞቃል፣ የታቹ ቀዝቃዛ እንደሆነ ይቀራል። ሁለቱ ቶሎ አይደባለቁም። ሙቁ ከላይ ተንሳፍፎ፣ ቀዝቃዛው ከታች ተኝቶ፣ መሐላቸው ላይ ጠበብ ያለ ድንበር ይፈጠራል። ድንበሩ ላይ በጥቂት ሜትር ውስጥ ሙቀቱ በአንዴ ቁልቁል ይወርዳል። ሳልመን ቀዝቃዛ ውሃ የሚወድ ዓሣ ነው። ቺኑክ የሚባለው ትልቁ ዓይነት፣ እዚህ «ኪንግ» የሚሉት፣ ከ10 እስከ 12 ሴልሺየስ ዲግሪ ገደማ ባለው ውሃ ውስጥ መዋል ይመቸዋል። ስለዚህ በዚህ ወቅት የሚውለው ድንበሩ አካባቢ ነው።

ድንበሩ ደግሞ አንድ ቦታ አይቆምም። ይህን አላውቅም ነበር። እኛ የምናጠምደው በምዕራቡ ዳርቻ፣ በዊስኮንሲን በኩል ነው። ነፋሱ ከሰሜን ወይም ከምሥራቅ ከነፈሰ ሙቁን ውሃ ወደኛ ይገፋና ይከምረዋል፤ ቀዝቃዛው ወደ ታች ይሰምጣል። ከደቡብ ወይም ከምዕራብ ከነፈሰ ሙቁ ውሃ ወደ መሐል ሐይቅ ይሸሻል፣ በምትኩ ቀዝቃዛው ከሥር ይወጣል። በአንድ ቀን ውስጥ ብዙ ጫማ ሊወጣ ወይም ሊወርድ ይችላል።

ማታ ለጋሼ ደውዬ ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና «እንግዲህ ዓሣው የተቀመጠበት ወለል ከፍ ዝቅ ይላል ማለት ነው» አሉ። ከእኔ ማብራሪያ የሳቸው ይሻላል።

ሐምሌ 20፣ እሑድ

የውሃውን ሙቀት እስከ ታች የሚለካ መሣሪያ ይሸጣል። በሽቦ ወርዶ ሙቀቱንና ፍጥነቱን ጀልባው ላይ ያሳያል። ዋጋው ግን ለዚህ ዓመት አይሆንም። ቴርሞሜትር በገመድ አስሮ መስደድም አይሠራም፤ ሲወጣ በሙቁ ውሃ ውስጥ ስለሚያልፍ ላይ ሲደርስ የሚያሳየው የላዩን ነው። የታችኛውን ውሃ ራሱን ይዞ የሚወጣ ነገር ያስፈልጋል።

ስለዚህ ዛሬ ጋራዥ ውስጥ ሠራሁት።

የ3 ኢንች የፕላስቲክ ቱቦ፣ ርዝመቱ አንድ ክንድ ያህል። ከላይም ከታችም ጫፉ ላይ ከንፈር እንዲኖረው ቀለበት አጣበቅሁ። ከንፈሩ ላይ ከጎማ የቆረጥኩትን ክብ ክዳን በአንድ በኩል ብቻ አሰርኩት። ሁለቱም ክዳኖች የሚከፈቱት ወደ ላይ ብቻ ነው። ቱቦው ሲወርድ ውሃው ከታች እየገፋ ከፍቷቸው ያልፋል። መውጣት ሲጀምር ውሃው ከላይ ይጫናቸዋል፣ ይዘጋሉ። እዚያ ጥልቀት ላይ የነበረው ውሃ ተቆልፎበት ይመጣል። ዙሪያውን ለቀዝቃዛ ቧንቧ የምንጠቀምበትን ጥቁር ስፖንጅ ጠቀለልኩበት፤ ከሥራ የተረፈ ነው። ውስጡ ቴርሞሜትር በሽቦ አንጠለጠልኩ።

የመጀመሪያው ክዳን ሸፋፋ ወጣ። ውሃ ሞልቼ ሳነሳው በአንድ ጎን ይንጠባጠባል። ጎማውን በአሸዋ ወረቀት አሽቼ ከንፈሩ ላይ እኩል እስኪተኛ ድረስ አራት ጊዜ አወለቅሁና መለስኩት። ከዚያ በረዶ ያለበት ውሃ ሞልቼ የገንዳ ውሃ ውስጥ ለሁለት ደቂቃ ነከርኩት። ግማሽ ዲግሪ እንኳ አልተለወጠም። ከ100 ጫማ ለማውጣት ከዚህ በላይ ጊዜ አይፈጅም።

የ13 ዓመት ልጄ አጠገቤ ቆማ ስታይ ቆየችና «ባባ፣ እኔም እመጣለሁ» አለች። ዊስኮንሲን ውስጥ 16 ዓመት ላልሞላው የማጥመጃ ፈቃድ አያስፈልገውም። ትመጣለች።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

የዝግጅት ቀን። ለእኔና ለጋሼ የዊስኮንሲን ፈቃድ ገዛሁ። የሐይቁን ሳልመንና ትራውት ለማጥመድ ከፈቃዱ በላይ ሌላ ማኅተም ይጠይቃል፤ እሱንም ጨመርኩ። የሕይወት ጃኬቶቹን አየሁ። የልጄ ጠቧታል፣ አዲስ ተገዛ። ሬዲዮኑ 16ኛው ቻናል ላይ በደንብ ይሰማል። አዲስ መስመር ጠመጠምኩ።

ነፋሱን ለሁለት ቀን ስከታተል ነበር። ትናንትም ዛሬም ከሰሜን ምሥራቅ ሲነፍስ ዋለ።

የመጪው ሳምንት ሐሙስ ፍልሰታ ይገባል። ጋሼ በፍልሰታ ዓሣ አይቀምሱም፤ ማጥመዱንም ይተዉታል። ስለዚህ ወይ ይህ ቅዳሜና እሑድ፣ ወይ ከነሐሴ 15 በኋላ።

ሐምሌ 25፣ ዓርብ ማታ፣ ሚልዋኪ

ጀልባዋን ጎትተን ደረስን። መንገዱ ወደ 150 ኪሎ ሜትር ነው፣ ግን የዓርብ ትራፊክ ሦስት ሰዓት ፈጀብን። ሞቴል ገብተን ባለቤቴ የቋጠረችልንን ሽሮ በላን። ጋሼ ለልጄ ቋጠሮ ሲያስተምሩ አመሹ። መስመሩን መንጠቆው ላይ ስድስት ጊዜ ጠምዝዞ፣ በምራቅ አርጥቦ፣ ቀስ ብሎ መሳብ። «ካላረጠብሽው ይቃጠላል፣ ከተቃጠለ ይበጠሳል» አሏት። እስክትችለው አልተኙም።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ላይ እንነሳለን።

ሐምሌ 26፣ ቅዳሜ

*ከሌሊቱ 10፡40።* ጀልባዋ ውሃ ላይ ናት። የማዕበል መከላከያውን ግንብ አልፈን ወጣን። ጨለማ ነው፣ ከኋላችን የከተማው መብራት። ማዕበሉ አንድ ጫማ ቢሆን ነው። ልጄ ጃኬቷን እስከ አንገቷ ዘግታ ፊት ተቀምጣለች።

*11፡15።* የውሃው ጥልቀት 110 ጫማ የሆነበት ደረስን። ትልቁን ሞተር አጥፍተን ትንሹን አስነሳን። አራት ዘንግ አወጣን። ሕጉ ለሰው ሦስት ይፈቅዳል፤ ለእኛ ግን አራቱም ይበዛሉ።

አሠራሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ጀልባው አይቆምም፣ በዝግታ እየሄደ ማባበያዎቹን ይጎትታል። ፍጥነቱ በሰዓት 2.3 ማይል ነው፤ ሐሳብ የያዘው ሰው አካሄድ በሉት። ማባበያው ወደ ጥልቁ የሚወርደው ዳውንሪገር በሚባል መሣሪያ ነው። እንደ ጉድጓድ ውሃ መቅጃ ያለ ጥቅልል ሽቦ፣ ጫፉ ላይ 12 ፓውንድ የሚመዝን የእርሳስ ኳስ አለው። የዘንጉን መስመር ኳሱ ላይ በቆንጣጭ ይዘህ ወደፈለግከው ጥልቀት ታወርደዋለህ። ዓሣ ሲመታው መስመሩ ከቆንጣጩ ይላቀቃል። ከዚያ በኋላ አንተና ዓሣው ብቻ ናችሁ።

ኳሶቹን በ50 ጫማ አቆምናቸው። ባለፈው የተሳካልን እዚያ ነው ብለን።

*ጠዋት 1 ሰዓት።* ፀሐይ ከወጣች ቆየች። ምንም የለም።

*2 ሰዓት።* ምንም። ማባበያ ቀየርን። ብርማውን አውጥተን አረንጓዴውን፣ አረንጓዴውን አውጥተን ሰማያዊውን። ልጄ እንቅልፍ ወስዷታል።

*2፡30።* ቱቦው ሳጥኑ ውስጥ ተኝቶ ሦስት ሰዓት ሙሉ ባለፈው ጥልቀት ላይ ሙጭጭ ማለታችን አናደደኝ። አንድ እሑድ ሙሉ የለፋሁት ለዚህች ሰዓት ነው። ለጋሼ «ጀልባዋን እናቁማት፣ እንለካው» አልኳቸው። «ቀድሞ ነበር እንጂ» አሉኝ። ልክ ናቸው።

መስመሮቹን ሰበሰብን። ቱቦውን ከኳሱ በላይ አስሬ ለቀቅሁት። ልጄን ቀሰቀስኳትና ቁጥሩን እሷ ጻፈች፦

ላዩ ላይ 21 ዲግሪ።
40 ጫማ፣ 20።
60 ጫማ፣ 18።
80 ጫማ፣ 11።
100 ጫማ፣ 7።

የ80 ጫማው ቱቦ ሲወጣ ክዳኑን ከፍቼ እጄን ከተትኩ። ጣቴ ደነዘዘ። ጋሼም እጃቸውን ከተቱ፣ ልጄም ከተተች። በዚያ ሞቃት ጠዋት ከእግራችን ሥር 24 ሜትር ዝቅ ብሎ ሌላ አየር ንብረት አለ። በ60ና በ80 ጫማ መካከል 7 ዲግሪ ወርዷል። ሁለት ቀን የነፈሰው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ሙቁን ውሃ በላያችን ከምሮት ነበር። እኛ ሦስት ሰዓት ሙሉ ማባበያ ስንጎትት የነበረው ሳልመን በማይደርስበት ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነው።

*2፡55።* አንዱን ኳስ 75፣ ሌላውን 85 ጫማ ላይ አደረግን።

*3፡15።* የቀኝ ዘንግ ዘለለ! ጎብጦ የነበረው ዘንግ ሽቅብ ቀጥ አለና ወዲያው ቁልቁል ታጠፈ። ማጠንጠኛው ጮኸ። ይህን ድምፅ በቃል መግለጽ ይከብደኛል፤ የልብስ ስፌት መኪና ሙሉ ኃይሏ ላይ ስትሆን ያስታውሳል። ያዝኩት። በአንድ ትንፋሽ 200 ጫማ መስመር ወሰደ። ፍሬኑን ልነካው ስል ጋሼ «ተወው! ይሂድ! ይድከም!» አሉኝ። 15 ደቂቃ ታገልን። ጀልባው አጠገብ ሲደርስ ጎኑ እንደ መስታወት አበራ። ልጄ መረቡን ይዛለች። ያን ጊዜ ወደ ቀኝ ታጠፈና በጀልባው ሥር አለፈ። በዚያ በኩል ሁለተኛው ኳስ ከነሽቦው ተንጠልጥሎ ነበር። መስመሬ ከሽቦው ጋር ተቆላለፈ። ጧ!

ሄደ።

ማንም ምንም አላለም። ስህተቱ የእኔ ነው። ትልቅ ዓሣ ሲመታ መጀመሪያ ሌላውን ኳስ ማውጣት ነበረብኝ። ወይም ልጄ እንድታወጣው መናገር። ደብተሩ ላይ በትልቁ ጻፍኩት፦ ዓሣ ሲይዝ፣ ሌላው ኳስ ይውጣ።

*4፡05።* 75 ጫማ ላይ ሌላ መታ። የኳሱን ሥራ ልጄ ያዘች። ኮሆ የሚባለው የሳልመን ዓይነት ነው፣ 5 ፓውንድ።

*4፡40።* 85 ጫማ ላይ ኪንግ! 14 ፓውንድ። ጋሼ ራሳቸው አወጡት። መረቡ ውስጥ ሲገባ «ተመስገን» ብለው ተቀመጡ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስተኝቼ ለልጄ ልዩነታቸውን አሳየኋት። አፉን ስትከፍቺው የቺኑኩ ድድ ጥቁር ነው፣ ጥርሶቹ የበቀሉበት ሳይቀር። የኮሆው ጥርስ የበቀለበት መስመር ነጣ ይላል። ቺኑኩ ጅራቱ ላይ፣ ከላይም ከታችም ጥቁር ነጠብጣብ አለው። ኮሆው ላይ ነጠብጣቡ በላይኛው የጅራት ክፍል ብቻ ነው። ጣቷን የቺኑኩ ድድ ላይ አድርጋ «ቀለም የጠጣ ይመስላል» አለች።

ወዲያው ከጉንጫቸው ሥር ቆርጠን ደማቸውን አፈሰስን፤ በረዶ ውስጥ ቀበርናቸው። ደሙ ያልፈሰሰ ሳልመን ሥጋው ቶሎ ይበላሻል።

*5፡30።* ነፋሱ ዞረ፣ ከደቡብ መጣ። ትንበያው ከሰዓት በኋላ ማዕበሉ ከ4 ጫማ በላይ ይሆናል፣ ትናንሽ ጀልባዎች ይጠንቀቁ ይላል። ወደ ወደብ ተመለስን።

*ከሰዓት በኋላ፣ ሞቴል።* ጋሼ አሁን ጥልቀቱን ስላወቅን አመሻሽ ላይ ተመልሰን እንውጣ አሉ። እኔ አልፈለግሁም። ምክንያቴን ስነግራቸው የሐይቁን ታሪክ አብሬ ነገርኳቸው፤ ሳልመን እዚህ እንዴት እንደመጣ አያውቁም ነበር።

የዚህ ሐይቅ የጥንት ባለቤት ሌክ ትራውት የሚባለው ዓሣ ነው። ላምፕሬይ የሚባል ደም መጣጭ የባሕር እባብ መሳይ ዓሣ በመርከብ ቦይ በኩል ገብቶ፣ ከመጠን በላይ ከማጥመዱ ጋር ተደምሮ፣ በፈረንጆቹ 1940ዎቹና 50ዎቹ ትራውቱን ጨረሰው። ትልቅ አዳኝ ሲጠፋ ኤልዋይፍ የሚባል ትንሽ የባሕር ዓሣ ሐይቁን ወረረው። በ1967 ኤልዋይፍ በገፍ ሞቶ የቺካጎን ዳርቻ እስኪሸፍነው ድረስ። የሚሺጋን ግዛት የዓሣ ሀብት ኃላፊ የነበሩት ሃዋርድ ታነር ኤልዋይፉን የሚበላ፣ ሰውም የሚያጠምደው ዓሣ ፈለጉ። ከኦሪገን በመጣ ዕንቁላል የተፈለፈሉ የኮሆ ጫጩቶች በ1966 ወንዞች ላይ ተለቀቁ። በዓመቱ ቺኑክ ተከተለ። አሁን ሁለቱም በውሃው ውስጥ ይኖራሉ፤ ብዙው ቺኑክ ደግሞ በራሱ ወንዝ ወጥቶ ይራባል።

የ1967 መከር ላይ ኮሆው አድጎ መጣ። ሰው አበደ። የጎማ ጀልባና ታንኳ ሳይቀር ይዞ ሐይቁ ላይ ወጣ። መስከረም ወር ላይ፣ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 23፣ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶ ብዙዎች ዓሣው አለ ብለው ቀሩ። ማዕበሉ መጣ። ሰባት ሰው ሞተ።

ጋሼ ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ ስለ ጣና ነገሩኝ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ታንኳ የገለበጠባቸውን ሰዎች ያውቃሉ። «እንተኛ» አሉ። «ነገም ቀን ነው።»

ሳይተኙ በፊት አንድ ነገር ጨመሩ። ጣና ላይ ያለው ነጭ ዓሣም ክረምት ሲገባ ወደ ጉማራና ወደ ርብ ሽቅብ ይወጣል፣ እዚያ ይራባል። «ይሄስ?» አሉኝ። ይሄም በመከር ወንዝ ይወጣል፣ ግን አይመለስም፤ ዕንቁላሉን ጥሎ እዚያው ይሞታል አልኳቸው። ብዙ ሳይናገሩ ቆዩ። «አይ የእናት ነገር» ብለው መብራቱን አጠፉ።

ሐምሌ 27፣ እሑድ

*ከሌሊቱ 10፡30።* ነፋሱ በርዷል። ሌሊቱን ሙሉ ከደቡብ ሲነፍስ አደረ። የቀረ እብጠት አለ፣ ጀልባዋን በዝግታ ያነሳታል፣ ያወርዳታል። ልጄን አላመማትም።

*11፡10።* ዛሬ ማባበያ ከመነካቱ በፊት ቱቦው ወረደ።

ላዩ 19። 40 ጫማ፣ 14። 50 ጫማ፣ 11። 70 ጫማ፣ 8።

ትናንት 80 ጫማ ላይ የነበረው ቀዝቃዛ ውሃ አሁን 50 ላይ ነው። በአንድ ሌሊት 30 ጫማ ወጣ! የትናንቱን ቁጥር ይዘን ብንወርድ ኖሮ ከዓሣው በታች ስንጎትት እንውል ነበር። ቱቦውን ይዤ ልጄንና ጋሼን እያየሁ ሳቅሁ። ባለሱቁ ሰውዬ ያሉኝ ነገር በእጄ ላይ ነው።

*11፡25።* ኳሶቹ በ45ና በ52 ጫማ። ከኋላቸው ብር ማንኪያና ነጭ ዝንብ የሚመስሉ ማባበያዎች።

*11፡50።* ፀሐይ ከወጣች 10 ደቂቃ ያህል ሆኗታል። የግራው ዘንግ ተመታ። «የልጅቷ ነው!» አሉ ጋሼ። ዘንጉን አስያዝኳት። እኔ ሳልነገር ሌላውን ኳስ ላወጣ ሮጥኩ።

25 ደቂቃ ፈጀባት። ሁለት ጊዜ «ባባ ያዝልኝ፣ ክንዴ አለቀ» አለችኝ። ሁለቱንም ጊዜ ጋሼ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ እሱም እንዳንቺ ደክሟል» አሏት። ዘንጉን ስታነሳ ትጎትታለች፣ ዝቅ ስታደርግ ታጠነጥናለች። ዓሣው ሲሮጥ እጇን አንስታ ታየዋለች። ማንም አላስተማራትም፤ ትናንት ጋሼን ስታይ ነው የለመደችው። መረቡን ጋሼ ያዙ። ከፊት ለፊቱ፣ በራሱ በኩል አስገቡት። በጅራቱ በኩል የተነካ ሳልመን እንደገና ይሮጣል።

19 ፓውንድ። ወደ 8 ኪሎ ተኩል ማለት ነው። በፈረንጆቹ 2021 ከሉዲንግተን የተያዘው የሚሺጋን ግዛት ክብረ ወሰን 47.86 ፓውንድ ነበር፤ ለእኛ ግን ከዚህ ወዲያ ዓሣ የለም። ጎኑ ላይ ብሩ እንደ አዲስ ሳንቲም ነው፣ ጀርባው ወይን ጠጅና አረንጓዴ ይመስላል። ከውሃ በወጣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ያ ቀለም እየደበዘዘ ሄደ። ልጄ አጎንብሳ እስኪጠፋ ድረስ አየችው።

*ጠዋት 12፡40።* 11 ፓውንድ ኪንግ፣ በ52 ጫማ። ይሄኛው ጀርባው ላይ፣ ወደ ጅራቱ ጠጋ ብላ የምትገኘው ትንሿ የሥብ ክንፍ የለችም። በልጅነቱ ተቆርጣለች ማለት ነው፤ በማራቢያ ጣቢያ አድጎ የተለቀቀ ነው። እንዲህ ያሉት ብዙውን ጊዜ አፍንጫቸው ውስጥ ቁጥር የተጻፈባት፣ ርዝመቷ አንድ ሚሊ ሜትር የምታህል ሽቦ አለች። የት እንደተለቀቀና መቼ እንደሆነ ከእሷ ይነበባል። የልጄ ኪንግ ክንፉ ሙሉ ነው። ወንዝ ውስጥ የተወለደ መሆን አለበት።

*1፡20።* ሌክ ትራውት፣ 6 ፓውንድ። ጋሼ «ባለ አገሩ ነው» ብለው መለሱት።

*2፡30።* ፀሐይዋ ከፍ አለች፣ ዓሣው ዝም አለ። ሌላ አልጠበቅንም። የሁለቱ ቀን አራት ዓሣ ለሦስት ቤተሰብ ይበቃል።

*4 ሰዓት፣ ወደብ።* የ11 ፓውንዱን ራስ ለዓሣ ጥናት ባለሙያዎች አስቀመጥን። ጀልባዋን ከውሃ አውጥተን ውሃዋን ሁሉ አፈሰስን፤ ተሳቢው ላይ የተጣበቀውን አረም አነሳን። ሕጉም ያስገድዳል። ከሌላ ቦታ በመርከብ የመጣ ትንሽ ቀንድ አውጣ መሳይ ፍጥረት የሐይቁን ምግብ አጣርቶ እየበላ ውሃውን ከሚገባው በላይ ጥርት አድርጎታል። ኤልዋይፍ የሚበላው ሲያንስ ሳልመኑም ይጎዳል። ይህን ነገር ወደ ሌላ ሐይቅ የሚወስደው ግዴለሽ ጀልባ ነው።

ሐምሌ 27፣ ማታ፣ ቺካጎ

ቤት ስንደርስ ባለቤቴ ቃሪያና ሽንኩርት ከትፋ ጠበቀችን። ሥጋው ሲከፈት ብርቱካናማ ቀይ ነው። አንድ ወዳጃችን «ይሄማ ለክትፎ ነው፣ ጥሬውን!» አለ። እኔ አልፈቀድኩም። ጨው በሌለው ውሃ የሚኖር ዓሣ ጥሬው ሲበላ የኮሶ ትል ሊያስይዝ ይችላል። ጥሬውን ካማረው ቢያንስ ሰባት ቀን ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ይደር። ቆዳውን፣ የሆዱን ሥብና መሐል ጎኑ ላይ ያለውን ጥቁር ሥጋ አውጥተን ጣልን። ድሮ ሐይቁ ውስጥ የገባ የፋብሪካ ኬሚካል የሚከማቸው ሥቡ ውስጥ ነው፤ ትልቅ ዓሣ ላይ ይበዛል። ለልጆቹ የሠራነው ከትንሿ ኮሆ ነው።

ዱለት ሆነ። በቅቤ፣ በሚጥሚጣና በኮረሪማ፣ ለብ ተደርጎ ሳይሆን እስኪበስል። የቀረው በጥብስ ቅጠል ተጠበሰ። ጋሼ እንጀራውን ቆርሰው የመጀመሪያውን ጉርሻ ለልጄ ሰጧት። «ባለ 19 ፓውንድ» ብለው ጠሯት። ማታውን ሙሉ ስሟ ይሄው ሆነ።

ሐምሌ 30፣ ረቡዕ

ቱቦውን ፈትቼ አጠብኩ። የታችኛው ክዳን ጎማ ጠርዙ ተሰንጥቋል፣ ወፈር ያለ እቀይራለሁ። ከላይ መያዣ ቀለበት ያስፈልገዋል፤ በጓንት ለመያዝ ያዳልጣል። ልጄ የሁለቱን ቀን ቁጥር በንጹሕ ወረቀት ገልብጣ፣ የነፋሱን አቅጣጫ በቀስት አሥላ፣ የቱቦው ሳጥን ክዳን ውስጥ ለጥፋዋለች።

ነገ ጾም ይገባል። ከነሐሴ 15 በኋላ ኪንጉ ወደ ወንዙ አፍ መጠጋት ይጀምራል። ጋሼ ዛሬ ደውለው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ነፋሱ ከየት ነው?»

ከምዕራብ አልኳቸው።